ካምቢዮ ከመፈታቱ አስቀድሞ

በመኪና ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ እንደ ካምቢዮ ያለ በሌላው ጥፋት የሚወቀስ የለም። ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ፣ ማርሽ የሚያስገባው ካቮ ሲላላ፣ የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ሲቀደድ፣ ዲፈረንሻሉ ሲጮኽ ወይም ሞተሩ ራሱ ኃይል ሲያንሰው፣ ባለቤቱም ሆነ የቸኮለ መካኒክ «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርድና፣ ሳጥኑ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ጤነኛው ጥርስና ጤነኛው ኩሽኔታ በጠረጴዛ ላይ ከተበተነ በኋላ የችግሩ ምንጭ ሌላ መሆኑ ይታወቃል። በዚህም የሚባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በፋብሪካ በረቂቅ ልኬት የተገጣጠመ ካምቢዮ በአቧራ መካከል ተፈትቶ በችኰላ ሲመለስ፣ ቀድሞ ያልነበረበትን ጉድለት ይዞ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነውና። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስጽፍ ያሰብሁት አንባቢው ካምቢዮ ፈቺ እንዲሆን ሳይሆን፣ መኪናውን ለጋራዥ ከማስረከቡ በፊት ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉም ወደ ከባዱ እየሄደ በሥርዓት እንዲመረምር፣ በመካኒኩም ፊት ግምቱን ሳይሆን ማስረጃውን ይዞ እንዲቀርብ ነው።

ስለ አሠራሩ ለምርመራው የሚበቃውን ያህል ብቻ እንናገር። የመኪና ሞተር በጠባዩ በቂ ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ የዙር ክልል ውስጥ ስለ ሆነ፣ ቆሞ የነበረውን ከባድ አካል እንዲያንቀሳቅስ በቀጥታ ከጎማ ጋራ ቢያያዝ ወዲያውኑ ይጠፋል። ካምቢዮ በመካከል ገብቶ፣ በብዙ የቤት መኪኖች በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ሦስት ዙር ተኩል ያህል ሲዞር የሚወጣው ዘንግ አንድ ዙር ብቻ እንዲዞር በማድረግ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል። በእጅ በሚቀየረው ካምቢዮ ሞተሩንና ሳጥኑን የሚያገናኘውም የሚለያየውም ፍሪሲዮን ነው፤ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩት ጥርሶች ሳይጋጩ እንዲገናኙ የሚያስማማቸው ደግሞ ሲንክሮናይዘር የሚባለው ክፍል ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ መኪና ላይ ከመገጠሙ በፊት፣ ሹፌር ሁሉ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠ የጥርሶቹን ፍጥነት በገዛ ጆሮው ማስማማት ነበረበት። በአውቶማቲኩ ግን ይህን ሁሉ የሚያከናውነው በፖምፓ ኃይል የሚገፋ ዘይት ስለ ሆነ፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ምርመራ ከሁሉ አስቀድሞ የዘይት ምርመራ ነው።

ምልክቱን ለይቶ መያዝ

መኪናው ሲታወክ ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት ወረቀትና ብዕር ይያዙ። ችግሩ የሚታየው ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? በአንድ ማርሽ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡ ነው ወይስ ቁልቁለት ላይ እግርዎን ሲያነሡ? ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ ድምፁ ይለወጣል ወይስ እንዳለ ይቀጥላል? በሁሉም ማርሽ የሚታይ ችግር ለማርሾቹ ሁሉ የጋራ ከሆነ ነገር፣ ይኸውም ከፍሪሲዮን፣ ከዘይት ወይም ከዋናዎቹ ዘንጎች ኩሽኔታ የሚመጣ ሲሆን፣ በአንድ ማርሽ ብቻ የሚታየው ግን ከዚያው ማርሽ ጥርስ፣ ከሲንክሮናይዘሩ ወይም ከሚገፋው ሹካ የሚመጣ ነውና፣ እነዚህን ጥያቄዎች በጥንቃቄ የመለሰ ሰው አንድም ቡሎን ሳይፈታ የፍለጋውን ሜዳ አጥብቧል።

«መኪናው ዳገት አልወጣ አለኝ» ለሚለው አቤቱታ ልዩ ማስተዋል ያስፈልጋል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩን ዙር የሚያመለክተውን ጠቋሚ ይመልከቱ፤ ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ዙር በፍጥነት ወደ ላይ እየወጣ የመኪናው ፍጥነት ግን የማይከተለው ከሆነ፣ ኃይሉ በመንገድ እየጠፋ ነው፤ ፍሪሲዮን ወይም አውቶማቲክ ካምቢዮ ተንሸራቷል ማለት ነው። የሞተሩ ዙር ራሱ አልነሣ ካለ ግን ችግሩ ከሞተሩ ነው፤ የነዳጅ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ፣ ካንዴላው አርጅቶ ሊሆን ይችላልና ካምቢዮውን አይንኩት። በተለይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቈረቈረችው በአዲስ አበባ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል እንደሚያጣ መዘንጋት አይገባም፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የደከመ ትንሽ መኪና ሁሉ ካምቢዮው አልታመመም።

ፍሪሲዮን

በእጅ በሚቀየር መኪና ላይ ከካምቢዮ በፊት መመርመር ያለበት ፍሪሲዮን ነው። መንሸራተቱን ለማወቅ ሞተሩን ካሞቁ በኋላ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ መኪናውን አቁመው የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ ፔዳሉን በዝግታ ይልቀቁ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያውኑ ያጠፋዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፣ ወይም ከሞተሩ የኋላ ጫፍ አለዚያም ከካምቢዮው መግቢያ ዘይት የሚያግደው ኦይል ሲል ተበልቶ ሸራው ላይ ዘይት ፈሶበታል። ይህን ሙከራ ደጋግመው አያድርጉት፤ የተዳከመውን ፍሪሲዮን ጨርሶ ያቃጥለዋልና።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ሕመም ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ፈጽሞ አለመለየቱ ነው፤ ምልክቱም ሞተሩ እየሠራ ማርሽ ለማስገባት ማስቸገሩ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሁሉም ማርሽ በቀላሉ መግባቱ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር፣ እየሠራ ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጡና ጥቂት ሰኮንድ ታግሠው የኋላ ማርሽ ያስገቡ። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልለየ በዚያ ላይ የሚፋጨው ድምፅ ምስክርነቱን ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን ፔዳሉን በፍጥነት ሦስት አራት ጊዜ ረግጠው እንደገና ይሞክሩ፤ አሁን ማርሹ በቀላሉ ከገባ፣ ፍሪሲዮኑን በሚገፋው የዘይት መስመር ውስጥ አየር ገብቷል ወይም ፖምፓው ደክሟል፤ ይህ ደግሞ ካምቢዮ ሳይወርድ የሚጠገን ቀላል ጉዳይ ነው። በካቮ በሚሠራው ፍሪሲዮን ግን የፔዳሉን ባዶ ጉዞ በእጅዎ ገፋ አድርገው ይለኩ፤ ትክክለኛው መጠን በየመኪናው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚህ እጅግ የበዛ እንደ ሆነ ፍሪሲዮኑ አይለይም፣ ባዶ ጉዞው ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደ ተረገጠ ሆኖ ይንሸራተታል።

ጆሮም የራሱን ድርሻ ይወጣ። በዜሮ ማርሽ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ፔዳሉን ሲረግጡ የሚጀምር ጩኸት ፍሪሲዮኑን ከሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚሰማና ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ግን ከካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ምክንያቱም ፔዳሉ ሲረገጥ ያ ዘንግ ከሞተሩ ተለይቶ መዞሩን ያቆማል። የመጀመሪያው ሲሆን የሚለወጠው የፍሪሲዮን ዕቃ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሲሆን ካምቢዮው በእርግጥ ይፈታል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ሆኖ ሳለ፣ የሚለየው ግን አንድ ጊዜ ፔዳል በመርገጥ መሆኑን ብዙ ባለመኪና አያውቅም፤ ይህም ያሳዝነኛል።

የማርሽ ሳጥኑ ራሱ

ፍሪሲዮኑ ነጻ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ወደ ሳጥኑ ከመድረስዎ በፊት የማርሽ እጀታውን ከሳጥኑ የሚያያይዙትን ካቮዎችና ክንዶች ይመልከቱ፤ ከጊዜ ብዛት የሚበሉት ትንንሽ የፕላስቲክና የጎማ ቡሺንጎች ማርሽን እስከ ጫፍ እንዳይገባ ሊያደርጉት ይችላሉና። ቀጥለውም ረዳትዎ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ሲያስይዝ፣ ከዚያም በኋላ ማርሽ እንዲሁ ሲያደርግ፣ እርስዎ ከጎን ቆመው ሞተሩን ይመልከቱት፤ ከመጠን በላይ ካጋደለ የመቀመጫ ጎማው ተቀዷል፤ እየሄዱ ማርሽ የሚዘልልዎትም ስለዚህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ደኅና ሆነው ማርሽ ቢዘል፣ ይኸውም በሦስተኛ ወይም በአምስተኛ እየሄዱ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሡ እጀታው በራሱ ወደ ዜሮ ቢመለስ፣ የሹካው ጫፍ ወይም የማርሹ መያዣ ጥርስ ተበልቷል፤ ለዚህ ከመፍታት በቀር መድኃኒት የለውም። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲያስገቡ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ የሁለተኛው ማርሽ ሲንክሮናይዘር አልቋል፤ ሁለተኛ ማርሽ በከተማ መንገድ ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚበዛበት አስቀድሞ የሚያልቀውም እርሱ ነው። ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጠው፣ በመካከል በዜሮ ላይ ጥቂት ቆይተው ሲያስገቡት በሰላም ከገባ ጥርጣሬዎ ተረጋገጠ፤ ገንዘብ እስኪገኝም ድረስ በዚሁ ዘዴ እያስታመሙ መንዳት ይቻላል።

ስለሚያጉረመርም ካምቢዮ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። በኋላ ጎማ በሚነዱት እንደ ሃይሉክስ ባሉ ብዙ መኪኖች አራተኛ ማርሽ ቀጥታ በመሆኑ፣ ኃይሉ በታችኛው ዘንግ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ይወጣል። ስለዚህ በሌሎቹ ማርሾች የሚጮኸው ሳጥን በአራተኛ ላይ ዝም ካለ ወይም ድምፁ እጅግ ከቀነሰ፣ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ወይም ጥርስ ነው። በሁሉም ማርሽ እኩል የሚጮኽና ከሞተሩ ዙር ጋራ ሳይሆን ከመኪናው ፍጥነት ጋራ የሚጨምር ድምፅ ግን፣ ሜዳ መንገድ ላይ ለጥቂት ጊዜ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ሲንሸራተቱም የማይጠፋ ከሆነ፣ ከዲፈረንሻል ወይም ከጎማ ኩሽኔታ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚለዋወጠውም የጎማው ኩሽኔታ ነው።

ዘይት

ዘይቱን ሳያይ ካምቢዮ እንዲፈታ የሚፈቅድ ባለቤት በገዛ ንብረቱ ላይ ይፈርዳል። በአብዛኛው የእጅ ካምቢዮ ላይ መለኪያ ዘንግ ስለሌለ፣ መኪናው በእኩል ሜዳ ላይ ቆሞ በሳጥኑ ጎን ያለው የመሙያ ቡሎን ይፈታል፤ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ድረስ መድረስ አለበት። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ የማፍሰሻውን ቡሎን ከመፍታት በፊት የመሙያው መፈታት መቻሉ ይረጋገጥ፤ ዘይቱ ፈሶ ካለቀ በኋላ የመሙያው ቡሎን ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው እዚያው ይቀራልና።

የፈሰሰውን ዘይት በንጹሕ ዕቃ ተቀብለው በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱት። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው፣ በላዩ ላይ የተለጠፈ ግራጫና ደቃቅ ጭቃ የተለመደ የአገልግሎት ምልክት ነው፤ በጣት የሚዳሰስ የብረት ስባሪ ግን የተሰበረ ጥርስ ወይም የፈረሰ ኩሽኔታ ነው፤ ወርቅ መሳይ ብናኝ ከሲንክሮናይዘሩ የናስ ቀለበት የተፋቀ ነው። ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ከደፈረሰ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህም በክረምት የሞላ ወንዝ በሚያቋርጡት መኪኖች ላይ የሚደርስ ነው፤ የሞቀ ሳጥን በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በመተንፈሻው ውሃ ይስባልና፣ እንዲህ ያለ መንገድ የሚሄድ ሰው ወንዝ በተሻገረ በዚያው ሳምንት ዘይቱን ያስመርምር።

የዘይቱ ዓይነትም እንደ መጠኑ ሁሉ ይመርመር። ለእጅ ካምቢዮ ጂ ኤል 4 የተባለው ደረጃ ታዝዞ ሳለ ለዲፈረንሻል የተዘጋጀው ጂ ኤል 5 ሲፈስበት፣ በውስጡ የበዛው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም የናሱን ቀለበቶች ሊበላቸው ይችላል፤ ማርሹም ሲቀዘቅዝ መግባት ያስቸግረዋል። ስለዚህ ነጋዴው «ሁሉም አንድ ነው» ቢልዎ አይስሙት፤ ለሁለቱም ደረጃ የሚስማማ ካልሆነ በቀር፣ በጣሳው ላይ ያለው ጽሕፈት በመኪናው መጽሐፍ ካለው ጋራ ይመሳከር።

አውቶማቲክ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው፣ መለኪያ ዘንግ ባላቸው በብዙዎቹ መኪኖች፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ሞቆ፣ በእኩል ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነው። ፍሬን ረግጠው እጀታውን በየማርሹ ሁሉ አሳልፈው ወደ ፓርክ ይመልሱት፤ ከዚያ ዘንጉን አውጥተው ጠርገው፣ መልሰው ከተው ያንብቡ። እንደ ሆንዳ ያሉ ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ወዲያው እንዲለካ ያዛሉ፤ ጨርሶ መለኪያ የሌላቸውም አሉና የራስዎን መኪና ሥርዓት አስቀድመው ይወቁ። ጤነኛ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ጠቍሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች እየተቃጠሉ ነው። ሮዝ ሆኖ ከደፈረሰ ደግሞ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዶ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ ያን ጊዜ መኪናውን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይንዱት። ዘይት ሲያንስ ፖምፓው አየር ይስባል፤ ከልክ ሲበልጥም የሚዞሩት ክፍሎች አረፋ ያደርጉታል፤ ሁለቱም ወደ አንድ ጥፋት፣ ወደ መንሸራተት ያደርሳሉ።

ቀጥሎ የመዘግየት ሙከራ አለ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ፍሬንና የእጅ ፍሬን ይዘው ከዜሮ ወደ ፊት ያስገቡ፤ መኪናው መያዙ በሰውነትዎ እስኪሰማዎ ያለውን ጊዜ ይቁጠሩ። ቶዮታ በጥገና መጽሐፎቹ ከዜሮ ወደ ፊት ከ1.2 ሰኮንድ፣ ወደ ኋላ ደግሞ ከ1.5 ሰኮንድ በታች እንዲሆን ይወስናል፤ ከዚህ ከዘገየ የዘይቱ ግፊት ደክሟል ወይም ሸራው አልቋል። ፍሬን ረግጦ ነዳጅ እስከ መጨረሻ የሚሰጥበት ሌላ ሙከራም አለ፤ ነገር ግን በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ዘይቱን የሚያፈላ፣ ፍሬን ቢከዳም ሰው የሚጎዳበት ስለ ሆነ ለባለሙያ ይተዉት።

ካምቢዮው ባንድ ማርሽ ላይ ብቻ ቢቀር፣ ወይም በቶዮታ ላይ የኦቨር ድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ቢል፣ ኮምፒውተሩ ጉድለት መዝግቧል ማለት ነው። በመመርመሪያ መሣሪያ ያስነብቡና ቁጥሩን ራሱን ይጠይቁ፤ ፒ0700 ካምቢዮው በጠቅላላው ችግር እንዳለበት ብቻ የሚናገር ሲሆን፣ ፒ0715 የመግቢያ ዙር ሴንሰርን፣ ፒ0750 የዘይቱን መንገድ ከሚከፍቱና ከሚዘጉ ሶሌኖይዶች የመጀመሪያውን፣ ፒ0740 በፍሪሲዮን ፈንታ ሞተሩን ከሳጥኑ የሚያገናኘውን የቶርክ ኮንቨርተር መቆለፊያ ያመለክታል። የተበጠሰ ሽቦ ወይም አንድ ሴንሰር ሙሉ ካምቢዮው የተበላሸ እንዲመስል ማድረግ ይችላል። ከቶዮታ ቪትዝ መኪኖች ከፊሎቹ ደግሞ በማርሽ ሳይሆን በብረት ቀበቶ የሚሠራ ሲቪቲ የሚባል ካምቢዮ አላቸው፤ ለእርሱ የተለየ ዘይት አለውና ተራው የአውቶማቲክ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ሳጥኑም ይጠፋል።

ጉዳቱን የሚያመጣው ልማድ

በመጨናነቅ ጊዜ እግርን በፍሪሲዮን ላይ ማሳረፍ፣ ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ቆሞ መጠበቅ፣ እጅን በማርሽ እጀታ ላይ ጭኖ መንዳት፣ እነዚህ ሁሉ ሸራን፣ ኩሽኔታንና ሹካን ቀስ በቀስ ይበላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ቁልቁለት ላይ ጭኖ የሚወርድ መኪና በሞተር ካልተያዘ ፍሬኑ ይግላል፤ ግሎም ሲከዳ ሹፌሩ ማርሽ ልመልስ ቢል ጥርሶቹ አይቀበሉትም። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። አውቶማቲክ መኪና ሲበላሽም የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ በገመድ አይጎተት፤ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፖምፓ ስለሚቆም ውስጡ ደርቆ ይፋጫል፤ በሚጭን መኪና ላይ ይውጣ።

ምርመራው አልቆ ካምቢዮው በእርግጥ መለወጥ ካለበትና እንደ አዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ባለ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ የሚፈልጉ ከሆነ፣ የአሮጌውን ሳጥን ቁጥር ጽፈው ይሂዱ፤ በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ ጥርሱ በመጠን የሚለያይ ሳጥን አለና። ከመክፈልዎ በፊት የመግቢያውን ዘንግ በእጅዎ ወደ ጎን ያናውጡት፤ እያሽከረከሩትም በየማርሹ ያስገቡት፤ የቀረውን ዘይት በነጭ ጨርቅ አፍስሰው ይዩት። አውቶማቲክ ከሆነ፣ አዲሱ ከመገጠሙ በፊት በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣና ቱቦዎቹ ይታጠቡ፤ ከአሮጌው ሳጥን የቀረ የብረት ብናኝ በውስጣቸው ተደብቆ ይገኛልና፣ ሲገጠምም መካኒኩ ይህን መፈጸሙን ቆመው ይመልከቱ።